የካሴቱ ጅራት

ካሴት የሚያውቅ ሰው ያስታውሳል፤ የመጨረሻው ዘፈን ሲያልቅ ክሩ አብሮ አያልቅም። ሁለት ደቂቃ፣ አንዳንዴም አራትና አምስት ደቂቃ የሚያህል ባዶ ቦታ ይተርፋል። ሽሽ ከሚል ድምፅ በቀር ምንም የለበትም። ሌላው ሰው ያን ጊዜ ተነስቶ ካሴቱን ይገለብጣል። እኛ ቤት ግን ያ ባዶ ቦታ ስም ነበረው። "ጅራት" እንለዋለን።

ስሙን ያወጣለት አባቴ ነው። አባቴ የከባድ መኪና ሾፌር ነበር፤ ከወሩ ሃያውን ቀን መንገድ ላይ ነው። በሚያድርባቸው ከተሞች አዲስ ካሴት ሲወጣ ይገዛል፣ ጋቢናው ውስጥ ሁለት ሦስት ቀን ይሰማዋል፣ ከዚያ የካሴቱ ጠርዝ ላይ ያለችውን ቀዳዳ በታጠፈ ወረቀት ይደፍናታል። ያቺ ቀዳዳ ካልተደፈነች ካሴቱ ላይ ሌላ ድምፅ መቅዳት አይቻልም። ከደፈናት በኋላ፣ አጠገቡ ወንበር ላይ በምትቀመጠው ባለእጀታ ቴፕ፣ ጅራቱ ላይ ለእናቴ ይናገራል። ወደ እኛ የሚመጣ ሾፌር ሲያገኝ ይልክላታል። እናቴ ፊደል አልቆጠረችም። ደብዳቤ ቢጽፍላት ጎረቤት ሊያነብላት ነው፤ ጎረቤት ካነበበው ደግሞ ሰፈሩ ሁሉ ሊያውቀው ነው። ጅራቱን ግን ራሷ፣ በገዛ ጆሮዋ ትሰማዋለች።

የመጨረሻዋ ካሴት አረንጓዴ ወረቀት የተለጠፈባት ነበረች። እሷ ከደረሰችን በአሥረኛው ቀን አባቴ አንድ ጠመዝማዛ ላይ ከነመኪናው ገደል ገባ። ዘጠኝ ዓመቴ ነበር።

የአረንጓዴዋን ጅራት በቃሌ አውቀዋለሁ። መጀመሪያ ዝናብ ይሰማል፤ የመስታወቱ መጥረጊያ ሲመላለስ ይሰማል። ከዚያ አባቴ እንዲህ ይላል፤ "ደህና ነኝ። ዝናብ ይዞኝ ቆሜያለሁ። ለልጁ ጫማ ገዝቼለታለሁ፤ ቁጥሩን እንጃ፣ እግሩ ቶሎ ቶሎ ነው የሚያድገው። የበሩን ማጠፊያ እኔ ስመጣ እሠራዋለሁ፤ አንቺ አትነካኪው፣ ይወድቅብሻል። በይ እንግዲህ። ክሩ ሊያልቅ ነው መሰለኝ።" ጣቱ ቁልፉን ሲጫን ቀጭ ይላል። ይኸው ነው። ሰው ሊሞት ሲል ይናገረዋል የሚባል ነገር አንድም የለበትም።

ማጠፊያው ሳይሠራ ቀረ። በሦስተኛው ዓመት በሩ ወለቀና እናቴ አናጢ ጠራች። አናጢው በሩን ሠራ፤ በሌላ ቀን መጥቶ መስኮቱን ሠራ፤ ቀጥሎ ጣሪያውን አየ፤ በመጨረሻ እዚያው ቀረ። እንጀራ አባቴ ሆነ። ደህና ሰው ነበር። ክፉ ሰው ቢሆን ነገሩ ይቀልልኝ ነበር።

ሌላ ባል በገባበት ቤት የሟች ባል ድምፅ አይከፈትም። ይህን ማንም አልነገረንም፤ እናቴና እኔ ተያይተን ተግባባን። ካሴቶቹን እንሰማለን። የመጨረሻው ዘፈን ሊያልቅ ሲል እኔ እነሳለሁ፣ ጣቴን ቁልፉ ላይ አሳርፋለሁ፣ የመጨረሻዋ ምት እንዳበቃች ቀጭ። ጣቴ ስቶ አያውቅም። ትንሹ ወንድሜ፣ የአናጢው ልጅ፣ ተወልዶ ያደገው በዚህ መሀል ነው። በልጅነቱ ዘፈን ሲዘፍን እንኳ መጨረሻው ላይ በምላሱ "ቀጭ" ይል ነበር። ሁላችንም እንስቅለት ነበር። እናቴም ትስቅ ነበር።

እኔ ልብስ ሰፊ ነኝ። ሙዚቃ ያስተማረኝ የለም፤ የማውቀውን ያወቅሁት ስፌት መኪና ላይ ተቀምጬ ሠላሳ ዓመት በመስማት ነው። ሱቄ አንድ በር ናት። ቴፑ ከቁልፍ ሳጥኖቹ በላይ ይቀመጣል፤ ጠዋት ጸሎቴን አድርሼ ከመቀሱ በፊት የምነካው እሱን ነው። ካሴት ሲቀንስ ይታያል። በትንሿ መስኮቱ አንዱ ጥቅል ሲከሳ ሌላው ሲወፍር እያየሁ፣ የያዝኩት ሱሪ ከዘፈኑ በፊት ያልቅ እንደሆነ መናገር እችላለሁ። ደግሞም ጎኑ ሲያልቅ ካሴቱ ይቆማል፤ ተነስተህ ካልገለበጥከው ዝም ይልሃል። ይህ መቆም ለእኔ ትልቅ ነገር ነው። የሰማሁትን የምሰማው እሱ ዝም ሲል ነው።

ትንሹ የኢንተርኔት መስመር ዘርጊ ነው። መሰላሉን ተሸክሞ በሱቄ በኩል ሲያልፍ ሳይነካካኝ አያልፍም።

"ጋሼ፣ ስልኬ ውስጥ ያለው ዘፋኝ እኮ ይህን ከተማ ሞልቶ ይተርፋል" ይለኛል።

"ምሳ ልታበላቸው ነው?" እለዋለሁ።

እርሳስ በካሴት ጥርስ ውስጥ ከትቼ ስጠመዝዝ ካገኘኝማ ያ ክር ለየትኛው ሱሪ እንደሆነ ይጠይቀኛል። እኔም ወርሃዊ ክፍያው ሲቋረጥ አብሮ የሚጠፋ ነገር የራስ አይባልም፣ አንተ ዘፈን ተከራይ እንጂ ባለዘፈን አይደለህም እለዋለሁ። የአንተ ደግሞ ይሻግታል ይለኛል። እውነቱን ነው፤ ይሻግታሉ። እናቴ ቤት ያለው ቁም ሳጥን እርጥበት የሚመታው ግድግዳ ላይ ነበር።

የአባቴ ካሴቶች ሠላሳ ስምንት ነበሩ። ሁሉንም በአንድ ደብተር መዝግቤያቸዋለሁ፤ የደንበኛ ልክ በምጽፍበት ዓይነት ደብተር። ቁጥሩ፣ ጎኑ፣ ዘፈኑ፣ ዘፋኙ፣ ክሩ የተቀጠለበት ቦታ። ብዙ ክረምት ፈጅቶብኛል። ጅራቶቹን ግን አልጻፍኳቸውም። ደብተሩ ማንም የሚያነሳው ነው፤ ለእናቴ ብቻ የተባለን ነገር ሰው በሚያገላብጠው ወረቀት ላይ ማስፈር ነውር መስሎ ታየኝ። ወደ ሌላ ካሴትም አልቀዳኋቸውም። አንድ ድምፅ በተቀዳ ቁጥር ትንሽ ይሞታል፤ ይህን ከማንም በላይ አውቃለሁ ብዬ እኩራራ ነበር።

አናጢው ሲሞት ጅራቶቹ ተመለሱ። እናቴና እኔ ብቻችንን ስንሆን ክሩ እስከ መጨረሻው ይሄዳል። የግቢው በር ሲንኳኳና የትንሹ ኮቴ ሲሰማ ግን እጄ ራሱን ችሎ ይነሳል፤ ቀጭ። እናቴ "ተወው፣ ልጁም ይስማ" ያለችኝ ቀን ነበር። ሌላ ጊዜ አልኳት። ሌላ ጊዜ እያልኩ አሥራ አንድ ዓመት አለፈ።

ባለፈው ዓመት የእናቴ እግር አልታዘዝ አለ፤ አእምሮዋም ሄድ መለስ ይል ጀመር። አንዳንድ ቀን የአርባ ዓመቱ ነገር ዛሬ ይሆንባታል። እኔንም ሾፌሩ አድርጋ ነው የምታየኝ፤ መኪናውን የት አቆምከው ትለኛለች። በእነዚያ ቀኖች አረንጓዴዋን ከፍቼ ጅራቱን ሳሰማት ትረጋለች። የበሩ ማጠፊያ ላይ ሲደርስ "እሺ፣ አልነካውም" ትላለች፤ ከዚያ ምግብ ትቀበላለች፣ መድኃኒቷን ትውጣለች፣ ትተኛለች። በቀን አንድ ጊዜ። ሌላ የሚያረጋጋት ነገር አልነበረም።

በዚህ መሀል ነው የሐሞት ጠጠር የጣለኝ። በቀዶ ጥገና አወጡልኝ፤ ሆስፒታል ዘጠኝ ቀን ተኛሁ። ስገባ ለትንሹ የመድኃኒቱን ሰዓት ነገርኩት፤ የአንሶላውን ቦታ፣ የውሃውን ማፍያ፣ ሁሉንም ነገርኩት። ጅራቱን ሳልነግረው ገባሁ። ቶሎ እወጣለሁ ብዬ ነበር።

ስወጣ እሱ ራሱ መጥቶ ወሰደኝ። መንገድ ላይ ፈገግ ፈገግ ይላል፤ ምን ሆነሃል ስለው "ስትደርስ ታያለህ" አለኝ። ደረስን። ቤቱ ነጭ ቀለም ተቀብቷል። የእናቴ አልጋ ፀሐይ ወደሚገባበት ክፍል ተዛውሯል። ቁም ሳጥኑ የለም። ራስጌዋ ላይ የቡጢ መጠን ያላት ጥቁር ድምፅ ማጉያ ተቀምጣለች። እሷም ላይ ተደግፎ የእኔ ደብተር።

ደብተሩን ሰጠኝና ግለጠው አለኝ። ገለጥኩት። በእያንዳንዱ ዘፈን አጠገብ በቀይ እስክሪብቶ ትንሽ ምልክት አለች። ገጽ በገጽ፣ መስመር በመስመር፣ አንድ አልዘለለም። እናቴን የምታየው ነርስ ሻጋታው ለሳንባዋ መርዝ ነው ስላለችው የካሴቶቹን ዘፈኖች በሙሉ አንድ በአንድ ፈልጎ ስልኩ ላይ አሰባስቧቸዋል። ሁለት ዘፈኖች ጠፍተውበት የዘፋኙን ዘመድ ሳይቀር አፈላልጎ ደውሏል። ሠላሳ ስምንቱም ካሴት በደብተሩ ቅደም ተከተል በስልኩ ውስጥ ተደርድሯል፤ አረንጓዴው ወረቀት እንኳ አልቀረም፣ ፎቶ አንስቶ ለጥፎባታል።

"ምንም አልጎደለም ጋሼ" አለኝ። "አንተው የጻፍከውን ነው የተከተልኩት።"

"ካሴቶቹስ?"

"አሮጌ ዕቃ ለሚገዛው ሰጠኋቸው። ሰኞ ዕለት።"

 የተሰፋው ሆዴ የተከፈተ መስሎኝ በእጄ ያዝኩት፤ እሱም ቁስሉ ያመመኝ መስሎት ወንበር አቀረበልኝ።

ቀኑ ሐሙስ ነበር። በዚያው ሰዓት ይዞኝ እንዲሄድ አደረግሁት። አሮጌ ዕቃ ገዢው ግቢ ውስጥ የካሴቶቹ የፕላስቲክ ልባስ በመዶሻ ተሰባብሮ በማዳበሪያ ከረጢት ተሞልቷል። ሰውዬው ትሑት ነው፤ ወንበር ሊሰጠኝ ብሎ ፈለገና አጣ። ክሩ ለምንም አይሆንም፣ አትክልተኞች ናቸው የሚወስዱት አለን። ከኋላ ባለው ጎመን ማሳ ላይ ከእንጨት ወደ እንጨት ተወጥሮ አየሁት። ቡናማ ነው፤ ፀሐይ ሲያርፍበት ያብለጨልጫል፤ ነፋስ ሲመታው እንደ ንብ እዝ ይላል። ወፎቹ አይጠጉትም። ማሳው ላይ የነበረችውን አትክልተኛ ለምኜ አንድ ክንድ የሚያህል ቆርጣ ሰጠችኝ። ሱቅ ወስጄ በባዶ ካሴት ውስጥ ቀጠልኩት። የአንድ ዘፈን ግማሽ ስንኝ ሆነ፤ ለቆጠረው ሰው ዘጠኝ ሴኮንድ።

ትንሹ ይህን ሁሉ ሲያይ አብሮኝ ነበር።  ሱቅ ውስጥ፣ ዘጠኙ ሴኮንድ ካለቀ በኋላ፣ ስለ ጅራቱ ነገርኩት። አጠር አድርጌ ነገርኩት፤ ረዥም መናገር አልቻልኩም። መሰላሉን ግድግዳ ላይ አስደግፎ የደንበኛ ወንበር ላይ ተቀመጠ።

"እና ያ ቀጭ የምታደርገው..." አለና ተወው። ቆይቶ "ለምንድን ነው ያልነገርከኝ?" አለኝ።

"አባትህን አክብረን ነው።"

"አባቴ እኮ ከሞተ አሥራ አንድ ዓመቱ ነው።"

እርሳሱን አንስቼ የካሴቱን ክር ጠመዘዝኩ።

"ያውቅ ነበር?"

አናጢው የመጨረሻው ዘፈን ሲቃረብ ሁልጊዜ ብድግ ብሎ "እንጨቱን ልየው" እያለ ወደ ጓሮ ይወጣ እንደነበር ያን ጊዜ ትዝ አለኝ። በዝናብም ይወጣ ነበር። የሚታይ እንጨት ሳይኖርም ይወጣ ነበር። እኔ ግን ወጣም አልወጣም ቀጭ አደርገው ነበር።

"ያውቅ ነበር" አልኩት።

"እማዬም ታውቃለች። አንተም ታውቃለህ። ታዲያ ከማን ነው የተደበቀው?"

የአንድ ደንበኛ ሱሪ አንስቼ ማጣጠፍ ጀመርኩ። እውነቱን አልነገርኩትም። ያ ድምፅ በዚህ ምድር ላይ የእኔ ብቻ የሆነ ነገር ነበር። ለትንሹ አባቱ በየቀኑ ማታ ከሥራ የሚመጣ፣ ትከሻው ላይ የሚሸከመው፣ እንጨት የሚሸት ሰው ነበር። ለእኔ ጅራት ነበረኝ። ላካፍለው አልፈለግሁም። ይህን ኃጢአት ስንት ዓመት በጸሎት ላይ ቆሜ አላየሁትም፤ አክብሮት ብዬው ነበር።

የባሰው ቤት ነው የነበረው። እናቴ ዘፈኖቹን ትሰማለች። ድምፁ ከካሴቱ የጠራ ነው፤ ልክድ አልችልም። ከዚያ በፊት ሰምቻቸው የማላውቃቸውን በመሣሪያው ላይ የጣት ንክኪዎች ሁሉ ሰማሁ። ግን የአረንጓዴዋ የመጨረሻ ዘፈን ሲያበቃ እናቴ ጣቷን ወደ ላይ ታነሳለች። "ዝም በሉ፣ ሊናገር ነው" ትላለች። ስልኩ አይጠብቅም። ትንፋሽ ሳይወስድ ማንም ያላዘዘውን ሌላ ዘፈን ያመጣል። እሷ ጣቷ አየር ላይ እንደቀረ ወደ እኛ ትዞራለች። እኔ ሆስፒታል ሳለሁ አእምሮዋ ደህና ሰንብቶ ነበር፤ እኔን ባየች በመጀመሪያው ቀን ግን ተቆጣች። ሁለተኛው ቀን አለቀሰች። ከሦስተኛው ቀን ጀምሮ አፏን ለማንኪያ አልከፍትም አለች፤ ነርሷ እንዲህ ከቀጠለ ብላ ቃሏን ሳትጨርስ ወጣች።

ትንሹ ሌላ ዘፈን ተከትሎ እንዳይመጣ አደረገው፤ የሆነ ቦታ ነካና ዝም አሰኘው። ያ ዝምታ ደግሞ ባዶ ነው። ሽሽ የሚል ነገር እንኳ የለበትም። እናቴ ዝምታው ውስጥ ስትጠብቅ ማየት ከሁሉም ባሰ።

"በቃልህ ታውቀዋለህ አይደል?" አለኝ ትንሹ፣ ኩሽና ቆመን። "በለው። ድምፅህ የሱን እንደሚመስል እማዬ ራሷ ትላለች።"

ሟች ሆኜ ልናገር? ለታመመች እናት ልዋሽ? እንዲህ አልኩት። አልተከራከረኝም። "አንተ ታውቃለህ" ብሎ የእናቴን ያልተበላ ሳህን ያጥብ ጀመር። ሁለት ቀን ጸለይኩበት። መልስ መጣልኝ አልልም። በሦስተኛው ቀን የእጇን አጥንት አየሁና እሺ አልኩ።

ከሰዓት በኋላ ነበር። ፀሐይዋ አልጋው ላይ ወጥታለች። እኔ ከራስጌዋ በስተኋላ፣ እንዳታየኝ፣ በርጩማ ላይ ተቀመጥኩ። ትንሹ ከግርጌዋ ስልኩን ይዞ ቆመ። የመጨረሻው ዘፈን ሄደ ሄደና አበቃ። ጣቷን አነሳች። ትንሹ በአውራ ጣቱ አስቆመው።

ተናገርኩ። "ደህና ነኝ። ዝናብ ይዞኝ ቆሜያለሁ።" ድምፄ መጀመሪያ ላይ ሰለለ፣ ከዚያ ያዘ። የገዛ አፌ የማያውቀውን ሰው ድምፅ ሲያወጣ ሰማሁት። ጫማውን ተናገርኩ። ማጠፊያው ላይ ስደርስ "እሺ፣ አልነካውም" አለች፤ ትከሻዋ ዝቅ ሲል ከኋላ አየሁት። "በይ እንግዲህ። ክሩ ሊያልቅ ነው መሰለኝ" ብዬ ዝም አልኩ።

ትንሹ ዓይኑ እንባ አቅርሯል። ሰውዬውን በሕይወቱ ለመጀመሪያ ጊዜ መስማቱ ነበር፤ ያውም ከእኔ አፍ።

እናቴ ጣቷን አላወረደችም።

"ለትንሹስ?" አለች። "ለትንሹ ምንም አላለም?"

አእምሮዋ ሄዶ ነበር፤ ትንሹን የሾፌሩ ልጅ አድርጋዋለች። ወይም አልሄደም ነበር፤ አላውቅም። የሚያስፈልገው አንድ ዐረፍተ ነገር ነው። "ለሱም ጫማ ገዝቻለሁ።" ከሦስት ቃል አይበልጥም። ትንሹ በአልጋው ላይ አሻግሮ ያየኝ ጀመር፤ ሠላሳ ስድስት ዓመቱ ነው፣ ጢሙ ውስጥ ሽበት ጀምሮታል፣ እንደ ልጅ ነበር የሚያየኝ። ስልኩን ከደረቱ ጋር አጣብቆ ጠበቀኝ። እናቴም ጠበቀች።

አፌን ከፈትኩ። ያላለውን አለ ማለት ውሸት ነው ብዬ ለራሴ ነገርኩት። ግን አሁን አንድ ደቂቃ ሙሉ በሟች ሰው ድምፅ ስናገር ነበር፤ ውሸትን ፈርቼ እንዳልሆነ እኔም አውቃለሁ፣ ከላይ ያለውም ያውቃል። አፌን መልሼ ገጠምኩት። ዘጠኝ ዓመቴ ነበር፣ ጫማው የእኔ ነበር።

ትንሹ ዓይኑን ከእኔ ላይ አነሳ። ወደ ስልኩ አቀረቀረና በአውራ ጣቱ ነካው። ሌላ ዘፈን ጀመረ። ቀጭ የሚል ድምፅ እንኳ አልነበረውም።